በሁለቱም ወረቀት ላይ የቀረው ጥላ፦ «የቁልፍ ቁማር» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

«የቁልፍ ቁማር» የሚለውን ጽሑፍ በአንድ ቀን ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ሦስቱም የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «እውነት ነው እንዴ?» ላላነበበው ባጭሩ ልንገር። ጸሐፊው ባሕር ዳር የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። አባታቸው የዘጌ ሰው፣ በቡና የኖሩ፣ የ69 ዓመት አዛውንት ናቸው። ሐኪም የቀኝ ዓይናቸውን ነርቭ አይቶ «የላይኛው ጠርዙ ሳስቷል፤ ግላኮማ ሳይሆን አይቀርም» አለ (የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚበላ በሽታ ነው)፤ ጠብታ አስጀመራቸውና ብርሃን ሲታይ ቁልፍ እየተጫኑ በማሽን የሚሠራውን የዕይታ መስክ ምርመራ አዘዘ። እኛ በሥራ ላይ ባጭሩ «ፊልድ» የምንለው ነው። በሚያዝያ ተሠራ፣ በነሐሴ ተደገመ፣ ሁለቱ ውጤቶች አልተገናኙም። ጸሐፊው ተናደው ስድስት ነጥብ አስቀመጡ። ውጤቱ የሚመጣው ከጣት እንጂ ከዓይን አይደለም፤ ማሽኑ ራሱ «አትመኑኝ» ብሎ ይጽፋል፤ ሁለት ጊዜ ሲሠራ ሁለት ቃል ይናገራል፤ ጥቁሩ ሥዕል ማስፈራሪያ ነው፤ ደህና ነው የተባለው የግራ ዓይን ደህና አይደለም፤ ግፊት መለካትና ነርቩን ፎቶ ማንሳት እያለ ይህን መደጋገም ለገንዘብ ነው።

ለመጻፍ ያስነሳኝ ግን ከስድስቱ አንዱም አይደለም። መጨረሻ ላይ ጣል የተደረገች አጭር ዐረፍተ ነገር ናት፦ «አባቴም ጠብታውን ትተዋል።»

እኔ ኦፕቶሜትሪስት፣ ማለትም የዓይን ምርመራ ባለሙያ ነኝ። ጎንደር ተምሬ እዚሁ ባሕር ዳር ለዓመታት በዚያ ጨለማ ክፍል ከማሽኑ ጎን ተቀምጬ ሠርቻለሁ። እንጀራዬ ነው፤ አንባቢ ይህን አውቆ ያንብበኝ። ጸሐፊው የሁለቱንም ወረቀት ፎቶ ስም ሸፍነው ከጽሑፋቸው ጋር በማውጣታቸው አመሰግናቸዋለሁ። ባያወጡት ኖሮ ክርክራችን በደፈናው ይቀር ነበር። አሁን ግን ወረቀት በእጃችን አለ።

ከጣቱ እንጀምር። ውጤቱ ከጣት ይመጣል የሚሉት ልክ ነው። ማሽኑ ውስጡ ነጭ የሆነ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል። አንድ ዓይን ይሸፈናል፣ አገጭ ማሳረፊያው ላይ ይቀመጣል፣ ያልተሸፈነው ዓይን መሀል ያለችውን መብራት ብቻ ያያል። በዙሪያዋ ትንንሽ ብርሃኖች ለአንድ አምስተኛ ሰከንድ ብልጭ ይላሉ፤ ባዩ ቁጥር ቁልፍ መጫን ነው። ብርሃኗ ከታየች ማሽኑ በሌላ ጊዜ በዚያው ቦታ አደብዝዞ ይመልሳታል፤ ካልታየች አድምቆ ያመጣታል። የሚፈልገው በመታየትና ባለመታየት መሀል ያለውን ድንበር ነው፤ ሁለት ጊዜ ብትመጣ አንዴ የምትታየውን፣ አንዴ የምታመልጠውን ብርሃን። ስለዚህ ፍጹም ጤነኛ ሰው እንኳ ከሚመጡት ብርሃኖች ግማሽ ያህሉን አያይም። ይህን አስቀድሞ ለታካሚው ያልነገረ ባለሙያ ምርመራውን ሳይጀምር አበላሽቶታል።

አንድ የኔታ ትዝ ይሉኛል። ከሐይቁ ማዶ ደቀ መዝሙራቸው እጃቸውን ይዞ አመጣቸው። ምርመራው ተጀመረ፤ ቁልፉ ዝም። ብርሃኑ ደመቀ፤ አሁንም ዝም። አቆምኩትና «የኔታ፣ ምንም አይታይዎትም?» አልኩ። «ልጄ፣ ሽው የሚል ነገርስ አለ። ግን ብርሃን መሆኑን ሳላረጋግጥ አየሁ ብል ሐሰት አይሆንብኝም?» አሉኝ። እንደዚያው ጨርሼው ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ ጨለማ ሆኖ ይወጣ ነበር፤ የሚለካውም ዓይናቸውን ሳይሆን ጥንቃቄያቸውን በሆነ። «የኔታ፣ እዚህ ቤት ‹መሰለኝ› ማለት ኃጢአት የለበትም፤ ማሽኑም የሚጠይቀው የመሰለዎትን ነው» አልኳቸው። ሣቁና እንደገና ጀመርን። ሌላ ሰው ሆነው አገኘኋቸው።

ተቃራኒውም አለ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ልጅ ዓይኑ ታሞ ከሥራ እንዳይወጣ ሠግቶ ነው መሰል ብርሃን መጣም አልመጣም ቁልፉን ሲቀጠቅጠው ዋለ። ውጤቱ ከሰው ልጅ ዓይን በላይ የሚያይ አድርጎ አወጣው። ማሽኑ ግን አልተሸወደም። ማንም ሰው አይቶ ሊጫን በማይችልበት ፍጥነት የመጡትን ጭነቶች ይቆጥራል፤ «ያላየውን አየሁ ያለበት» ብሎ በመቶኛ ያስቀምጣል። ይህ ቁጥር ከ15 በመቶ ካለፈ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርገን ልጁን ቡና ጋብዘን እንደገና ማስረዳት ነው። (ቡናው የኔ ልማድ ነው፤ መመሪያ ላይ የለም።)

የአባታቸው ቁጥር ስንት ነው? በሚያዝያው ወረቀት 2 በመቶ፣ በነሐሴው 1 በመቶ። ያላዩትን አየሁ የማይሉ ሰው ናቸው። ጣታቸው ታማኝ ነው ማለት ነው፤ ጸሐፊው አባታቸውን ሳያስቡት አሙ።

ሁለተኛው ነጥብ ብዙ ሰው የወደደው ነው። በነሐሴው ወረቀት አናት ላይ «ትኩረት ማጣት 6/14» ከሚለው ጎን ሁለት የኤክስ ምልክት አለ። ጸሐፊው «ማሽኑ በገዛ እጁ ሐሰተኛ ነኝ ብሎ ፈርሟል» ብለዋል። ጥሩ አባባል ነው። የኤክሶቹ ትርጉም ግን ሌላ ነው።

አሁኑኑ ይሞክሩት። ሁለቱን እጅ ዘርግተው አውራ ጣቶችን አጠገብ ለአጠገብ ያቁሙ። ግራ ዓይንዎን ጨፍነው በቀኙ የግራውን አውራ ጣት ብቻ እያዩ ቀኙን ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ያርቁት። ከአንድ ስንዝር ትንሽ በሚያንስ ርቀት ላይ የቀኝ አውራ ጣትዎ ጫፍ ድንገት ይጠፋል። ነርቩ ከዓይን የሚወጣበት ቦታ ስለሆነ እዚያ ጋ ማናችንም አናይም፤ ከመሀል ወደ ጆሮ በኩል 15 ዲግሪ ገደማ ነው። ማሽኑ አልፎ አልፎ ሆን ብሎ በዚህ ዕውር ነጥብ ላይ ብርሃን ይጥላል። ታካሚው ከተጫነ «ዓይኑ ከመሀል ተነቃንቋል» ይላል። ከ20 በመቶ ሲያልፍ ኤክስ ያደርጋል። ችግሩ አገጭ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲንሸራተት ወይም ጭንቅላት ትንሽ ሲዘነብል ዕውሩ ነጥብ ራሱ ቦታ መቀየሩ ነው። ያኔ ዓይኑ መሀሉን እያየ ማሽኑ የተሳሳተ ቦታ ላይ ይጠይቃል፣ ታካሚው በእውነት አይቶ ይጫናል፣ ኤክስ ይታተማል። ጥፋቱ በዚያን ሰዓት ተነሥቶ አገጩን ያላስተካከለው ባለሙያ ነው፤ እኔም አጥፍቼ አውቃለሁ።

ይልቅ ጸሐፊው ያላዩትን ልጠቁም። ከወረቀቱ ግርጌ የልብ ምት መቅረጫ የምትመስል ቀጭን መስመር አለች፤ የዓይኑን እንቅስቃሴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምትከተል ናት። ወደ ላይ የሚወጡ ጭረቶች ዓይን ከመሀል ሲወጣ የሚመዘገቡ ናቸው። ወደ ታች የሚወርዱት ደግሞ ማሽኑ ዓይኑን ማየት ሲያቅተው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቆብ ሲከደን። በነሐሴው ወረቀት የመጀመሪያው ግማሽ ጸጥ ያለ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች። አባታቸው ዓይናቸውን አላንቀዠቀዡም። እንቅልፍ እየጣላቸው ነበር።

ለምን እንደሆነ ጸሐፊው ራሳቸው ጽፈውታል፤ ለሌላ ነገር ነው የጻፉት እንጂ። ፍልሰታ ነበር። አባታቸው በጠዋት በጀልባ ተሻግረው መጡ፣ ወረፋ ጠበቁ፣ መብራት ጠፋና መጣ፣ ተራቸው ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ እህል አልቀመሱም። ይህ የተጻፈው የተቋሙን መጉላላት ለማሳየት ነው፤ ልክም ነው፣ የ69 ዓመት ጿሚ እስከዚያ ሰዓት ማስጠበቅ ነውር ነው። ለእኔ ግን ከዚህ የተሻለ የውጤቱ ማብራሪያ የለም።

እዚህ ላይ ወደ ሦስተኛው ነጥብ ደረስን፤ የክርክሩ እምብርት እሱ ነው። በሚያዝያ የአማካይ ጉድለቱ፣ ማለትም ዕይታቸው ከጤነኛ እኩዮቻቸው በአማካይ የሚያንስበት መጠን፣ 5.1 ዴሲቤል (የብርሃን መለኪያ ነው)፣ በነሐሴ 9.4። «በአራት ወር እንዲህ ከታወሩ በዓመቱ በትር ሊይዙ ነው፤ ካልታወሩ ደግሞ ማሽኑ ዋሽቷል» ይላሉ። ሦስተኛ መንገድ አላዩም።

ለጸሐፊው አንድ ስጦታ ልስጣቸው፤ ቢያውቁት ኖሮ የጽሑፋቸው ርዕስ ያደርጉት ነበር። አሜሪካ ውስጥ የዓይን ግፊታቸው ከፍ ያለ ነገር ግን ገና ጉዳት ያልታየባቸው 1636 ሰዎች ለዓመታት የተከታተለ ትልቅ ጥናት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ዘገባ፣ ፊልዳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ «ተበላሽቷል» ተብሎ፣ ወረቀቱም አስተማማኝ ሆኖ ከተገኘው ውስጥ ሲደገም ያልጸናው 86 በመቶ ያህሉ ነው። ከመቶ ሰማንያ ስድስት! ኤክስ በሌለበት ወረቀት እንኳ። አጥኚዎቹ ምርመራውን ጣሉት? አልጣሉትም። ደንቡን አጠበቁት፤ ሦስት ተከታታይ ወረቀት በአንድ ቃል ካልተናገረ አንቀበልም አሉ። ሽማግሌ ፊት የቀረበ ነገር በአንድ ሰው ቃል እንደማይወሰነው መሆኑ ነው። ደግሞ ያ 86 በመቶ ጤነኛ ነርቭ ይዘው የገቡ ሰዎች ቁጥር ነው። ነርቩ ሳስቶ በሐኪም ዓይን ለታየ ሰው አይሠራም።

ስለዚህ በሁለት ወረቀት መካከል የሚጠየቀው «የቱ ዋሸ?» አይደለም፤ ሁለቱም ላይ የቀረው ምንድን ነው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ቁጥር በቁጥር አየኋቸው። በነሐሴው ላይ አዲስ የመጣው ጨለማ በአብዛኛው ከላይ ጠርዝ ነው፤ እንደ ቅስት ሆኖ ከዳር እስከ ዳር ይዘልቃል። ቆብ ሲከደን የሚመጣው እንዲህ ያለ ጥላ ነው። ቆባቸው በዕድሜ የወረደ ሰዎችን ስንመረምር ቆቡን በትንሽ ፕላስተር ወደ ላይ እንይዘዋለን፤ ለእናቶች ደግሞ ነጠላውን ከግንባራቸው ገለል ማድረግ ነው። ፕላስተሯ ሳንቲም ናት፣ ስንት ሰው ያለ እርሷ ግላኮማ አለብህ ተብሎ ደንግጧል። በዚያ ላይ ተበታትነው የገረጡ ነጥቦች አሉ፤ እነሱ የድካሙ ናቸው። «ያየውን አላየሁም ያለበት» የሚለው መቶኛም ከ4 ወደ 18 ወጥቷል፤ ከደቂቃዎች በፊት አይተው የተጫኑበት ቦታ ላይ ይበልጥ የደመቀ ብርሃን ሲመጣ ዝም ብለዋል ማለት ነው።

እነዚህን ሁሉ አንሡ። የሚቀሩት አምስት ነጥቦች ናቸው። ከመሀል በታች፣ በአፍንጫ በኩል፣ እርስ በርስ ተያይዘው። በሚያዝያ አሉ። በነሐሴም አሉ፣ እዚያው ናቸው። ደግሞ መሀሉን በሚያቋርጠው አግድም መስመር ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ከመስመሩ በላይ ያሉት ጎረቤቶቻቸው ደህና ናቸው። ይህች መስመር ቀልድ አይደለችም። በሬቲና (ብርሃን በሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ገጽ) ላይ ያሉት የነርቭ ክሮች ከላይና ከታች ሆነው ወደ ነርቩ ሲሄዱ ይህችን መስመር አይሻገሩም። ግላኮማ ክሮቹን ሲበላ ጉዳቱ መስመሯ ላይ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ረሃብም፣ እንቅልፍም፣ የወረደ ቆብም፣ የተንሸራተተ አገጭም ይህችን መስመር አያውቋትም። ከታች ያለው ነገር ምስሉ የሚያርፈው በሬቲናው ላይኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ የሚነሡት ክሮች የሚገቡት በነርቩ ላይኛ ጠርዝ ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን ሳያይ በፊት «ሳስቷል» ያለው የትኛውን ጠርዝ ነበር?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሥራ ባልደረቦቼ በቀር ሲናገረው የሰማሁት ሰው የለም። ጸሐፊው አባታቸውን 69 ዓመት አሉ። ሁለቱም ወረቀት ላይ የታተመው ዕድሜ 77 ነው። የልደት ዓመቱ 1948 ይላል። የተፈጠረው ግልጽ ነው፦ አዛውንቱ በኛ አቆጣጠር ተናገሩ፣ መዝጋቢው እንዳለ አስገባው፣ ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው፣ ስምንት ዓመት መረቀላቸው። ማሽኑ ደግሞ እያንዳንዱን ቁጥር የሚያወዳድረው ከእኩዮች ጋር ነው። የጤነኛ ሰው ዕይታም በየ10 ዓመቱ ከግማሽ ዴሲቤል ትንሽ በለጥ እያለ ይቀንሳል። አባታቸው ከ77 ዓመት ሰዎች ጋር ተወዳደሩ። የዚህ ስህተት መጠን ግማሽ ዴሲቤል ቢሆን ነው፣ ብዙ አይደለም። የሄደበትን አቅጣጫ ግን ልብ በሉ፤ ከእውነቱ የተሻሉ አስመስሏቸዋል። ጸሐፊው ስህተት ሁሉ የሚያስደነግጥ ይመስላቸዋል። የሚያዘናጋም አለ።

ስለ ጥቁሩ ሥዕል ብዙ አልከራከርም፤ ቢጠፋ ደስ ከሚላቸው አንዱ ነኝ። ለቤተሰብ የሚታየው እሱ ነው፣ እንቅልፍ የሚነሣውም እሱ ነው። ማሽኑ የለካው 54 ነጥብ ብቻ ነው፤ በመካከል ያለውን ግራጫና ጥቁር በግምት የሚቀባው ኮምፒውተሩ ነው። ታካሚውም ጥቁር አያይም፤ የጎደለውን አንጎል ከጎረቤቱ ተበድሮ ይሞላዋል፣ ስለዚህም ነው ሰው ሳያውቀው የሚቆየው። እኛ የምናነበው ከሥዕሉ በታች ያሉትን ሁለት ካርታዎች ነው። በተለይ የቀኙን፤ የዓይን ሞራ ወይም የጠበበ ብሌን ሁሉንም ነጥብ እኩል ሲያደበዝዝ ያንን ቀንሶ ለብቻው የጎደጎደውን ያሳያል። ባለሙያ ሥዕሉን ብቻ እያሳየ «አያችሁ ጠቁሯል» ካለ፣ ጸሐፊው የተቆጡት በትክክል ነው።

አምስተኛው ነጥብ ከሁሉ የጠነከረ ሆኖ ሳለ ጸሐፊው በሁለት መስመር አልፈውታል። «አባቴ በግራ ዓይናቸው ዳዊት ሲደግሙ ፊደል ይዘላሉ፤ ወረቀቱ ግን ግራው ጤነኛ ነው ይላል።» ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። መረብ የጣለ ሰው ይገባዋል። የመረቡ ቀዳዳ ሰፊ ከሆነ አምባዛው ይያዛል፣ ትንሿ ቆሮሶ ግን ሾልካ ትሄዳለች፤ ሐይቁ ውስጥ ቆሮሶ የለም አይባልም። የተለመደው ፊልድ በነጥቦቹ መካከል 6 ዲግሪ ይተዋል፤ እጅ ተዘርግቶ ሦስት ጣት የሚያህል ስፋት ነው። ከ54ቱ ነጥቦች ለንባብ የምንጠቀምበት መሀለኛው 10 ዲግሪ ውስጥ የሚወድቁት 12 ብቻ ናቸው። አንዲት የዳዊት መስመር የምታስዘልል ጉድለት በዚያ መሀል ተደብቃ መቀመጥ ትችላለች። ለዚህ ሌላ፣ ዐይኑ የጠበበ መረብ አለ፤ በዚያው ማሽን ላይ መሀሉን ብቻ በ2 ዲግሪ ልዩነት፣ በ68 ነጥብ የሚፈትሽ። ቅሬታው ንባብ ከሆነ እሱ መታዘዝ ነበረበት። በርግጥ ጥፋቱ የዓይን ሞራ ወይም የመነጽር ሊሆንም ይችላል፤ ያም ቢሆን «ጤነኛ ነው» ብሎ ማሰናበት አልነበረም። እዚህ ላይ ጸሐፊው ረትተዋል። የረቱት ግን ምርመራ ይቅር ብለው ሳይሆን ሌላ ምርመራ ይጨመር የሚያሰኝ ነገር ተናግረው ነው።

የመጨረሻው ሁለት ነገር ያጣመረ ነው። መጀመሪያ፣ ግፊት መለካት ይበቃል የሚለው። ይህ ከስሙ የመጣ ጣጣ ነው። አገሬው ግላኮማን «የዓይን ግፊት» ይለዋል፤ ስለዚህ ግፊቱ ከወረደ በሽታው የሄደ፣ ግፊቱ ከፍ ካለ በሽታው የገባ ይመስላል። ያ ቅድም ያነሣሁት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ውጤት፣ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ሳለ ጠብታ ካልወሰዱት ውስጥ በ5 ዓመት ጉዳት የታየባቸው 9.5 በመቶ ናቸው፤ ጠብታ ከወሰዱት 4.4 በመቶ። ጠብታው አደጋውን በግማሽ ቀነሰ፤ ደግሞም ካልታከሙት ከመቶ ዘጠና ያህሉ በእነዚያ ዓመታት ምንም አልሆኑም። በሌላ በኩል ግፊታቸው በ«ጤነኛ» መጠን ውስጥ እያለ ነርቫቸው የሚያልቅ ሰዎች አሉ። ግፊት የአደጋ ምልክት ነው፤ ዓይኑ ምን ያህል እንደቀረው አይናገርም።

የነርቩ ፎቶ፣ ማለትም ኦሲቲ፣ ጥሩ ነው። ፈጣን ነው፣ ጣት አይጠይቅም፣ በሽታው ሲጀምር አንዳንዴ ከፊልድ ይቀድማል፤ የፊልዱ ቁጥር በግልጽ ከመውረዱ በፊት ከነርቭ ሴሎቹ ሩብ ያህሉና ከዚያም በላይ ሊያልቁ ይችላሉና። ነገር ግን በሽታው ሲገፋ የክሮቹ ውፍረት አንድ ወለል ላይ ይደርስና ከዚያ በታች አይወርድም። ሰውየው ማየት እየቀነሰ ፎቶው ያው ነው። ያኔ የሚናገረው ፊልድ ብቻ ነው። ፎቶውም ራሱ ዓይን ሲደርቅ፣ ሞራ ሲኖር፣ ሰውየው ሲነቃነቅ ይሳሳታል፤ የሚለየው ስህተቱ በሰው ጣት ስለማይመካኝ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ግማሹን እቀበላለሁ። ፊልድ በየወሩ ሲታዘዝ አይቻለሁ፤ ከየወሩ ወረቀት ከጭንቀት በቀር የሚገኝ ነገር የለም። ከደቅ ደሴት ተነሥቶ፣ ከተማ አድሮ፣ ለመኝታና ለምግብ ከፍሎ፣ ደክሞት የሚመረመር ሰው አለ፤ ለእሱ አንድ ድጋሚ ማለት የአንድ ሳምንት ኑሮ ነው። ነገር ግን መደጋገሙ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቻውሃን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ አስልተው እንዳሳዩት፣ በዓመት 2 ዴሲቤል እያጣ በፍጥነት የሚሄድን ዓይን ለመለየት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ስድስት ፊልድ ያስፈልጋል። በዓመት አንድ ብቻ ከተሠራ፣ ልዩነቱ የበሽታው ይሁን የድካሙ ለመለየት ዓመታት ይፈጃል፤ የተጎዳ ቦታ ላይ ደግሞ ቁጥሩ ይበልጥ ስለሚዋዥቅ ይብሳል። ስድስቱ ደግሞ በአንድ ዓይነት ማሽን፣ በአንድ ዓይነት የነጥብ አደራደር ቢሆኑ ነው የሚወዳደሩት። አዲስ አበባ በአንዱ፣ እዚህ በሌላው እየሠሩ ቁጥሮቹን ማነጻጸር በቁናና በኪሎ የተለካን ጤፍ መደመር ነው።

አሁን ወደዚያች ዐረፍተ ነገር። እ.ኤ.አ. በ2015 የእንግሊዝ ሐኪሞች 516 አዲስ የግላኮማ ታካሚዎችን ለሁለት ከፍለው ለግማሹ ላታኖፕሮስት የተባለውን ጠብታ፣ ለግማሹ መድኃኒት የሌለበት ጠብታ ሰጥተው የተከታተሉበትን ውጤት አወጡ። ዳኛ ያደረጉት ግፊትን ሳይሆን ይህንኑ ጸሐፊው ቁማር ያሉትን ፊልድ ነው፤ ደጋግመው በመሥራት። በ24 ወር ውስጥ ዕይታቸው ይበልጥ የተጎዳ ባዶውን ከወሰዱት 25.6 በመቶ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 15.2 በመቶ ሆነ። ምርመራው ቁማር ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ወገኖች እኩል ይወጡ ነበር፤ ሳንቲም ማን መድኃኒት እንደወሰደ አያውቅምና።

በአገራችን በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ግማሹን የያዘው የዓይን ሞራ ነበር፤ ግላኮማ 5.2 በመቶ። ሞራ የጋረደው ዓይን በቀዶ ሕክምና ይመለሳል። በግላኮማ የሄደ አይመለስም። ስለ መጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ዝም ማለት ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

መምህር፣ አሁን ለእርስዎ ነው። አባትዎ ከአንድ ዓይናቸው በታች፣ በአፍንጫ በኩል ጥቂት አጥተዋል፤ ገና ብዙ አላቸው። ዛሬ ለሐኪማቸው ይደውሉ፣ ጠብታውን ማቆማቸውን ይንገሩት፣ እንዴት እንደሚመለሱበት ይጠይቁት። ሦስተኛ ፊልድ ያሠሩ፤ እባክዎ በጾም ቀን ከሰዓት በኋላ ግን አይሁን። ከዋዜማው መጥተው እርስዎ ዘንድ ይደሩ፣ በጠዋት በመጀመሪያው ተራ ይግቡ። ቆባቸው ይያዝ። በሁለቱ ዓይኖች መሀል አምስት ደቂቃ ይረፉ። ለግራው ዓይን ዐይኑ የጠበበውን መረብ ይጠይቁ፣ ዳዊታቸውንም ይዘው ሄደው የቱ ላይ እንደሚዘሉ ለሐኪሙ ያሳዩት። ግማሹን እንደማያዩና ያም ጤነኛ እንደሆነ አስቀድመው ይንገሯቸው። ሁለቱን የቆዩ ወረቀቶች እንዳይረሱ። መዝጋቢው የልደት ዓመታቸውን ሲጠይቅም 1948 ብለው ዝም አይበሉ፤ «በኛ ነው፣ በፈረንጁ 1956 አድርገው» ይበሉት። ከጳጉሜን በኋላ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ከተወለዱ ደግሞ 1955።